መሬትን የሳተች ጥይት

በዚያ ቅዳሜ ጧት ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ አባ መድፍና የልጅ ልጃቸው ፀጉር ቤት ውስጥ ባልተገናኙ፣ ያ ሁሉ ሙግትም ባልተነሳ ነበር። አባ መድፍ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ዕድሜያቸውን በመድፈኛነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ጆሯቸው ከመድፍ ጋር ስለኖረ ሹክ ማለት የማይሆንላቸው፣ «እንደምን አደራችሁ» ሲሉ እንኳ ተኩስ የሚያዙ የሚመስሉ ደግ ሽማግሌ ናቸው። አባታቸው መድፈኛ ነበሩ። እሳቸውም መድፈኛ ሆኑ። አንድ ልጃቸውም መድፈኛ ሆኖ ድንበር ላይ ሲወድቅ ትቶላቸው የሄደው አንዲት ሴት ልጅ ነበረች፤ አሳድገው እዚህ ያደረሷት እሳቸው ናቸው። በዚያ ቤት የመጀመሪያ ልጅ ከመድፍ ሌላ ሙያ አይመርጥም። ልጅቷንም የመድፈኛ መኮንኖች ትምህርት ቤት ስለተቀበላት አባ መድፍ ወሬውን ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሰው ጨርሰዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ በፀጉር ቤቱ መስተዋት ሥር ያለው ጠረጴዛ የጦር ሜዳ ይሆናል። ማበጠሪያዎቹ ሻለቃ ጦር ናቸው፣ የፓውደሩ ቆርቆሮ ተራራ ነው፣ ሳሙናው ደግሞ የጦር መርከብ። በዓለም ላይ የተሸነፈ ጄኔራል ሁሉ አስቀድሞ እዚህ መጥቶ ቢያማክራቸው ኖሮ እንደማይሸነፍ አባ መድፍ አይጠራጠሩም። ፀጉር አስተካካዩ ለሥራው ማበጠሪያ ባነሳ ቁጥር «ያንን ሻለቃ ከግንባር ማን አንሳ አለህ?» ብለው ይቆጡታል፤ እሱም ይቅርታ ጠይቆ ይመልሳል።

በዚያን ዕለት አባ መድፍ ወንበሩ ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል፤ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ ገና አረፋ ነው። ራሰ በራው ልብስ ሰፊ ደግሞ ተራ ይጠብቃል። ፀጉር የሌለው ሰው ፀጉር ቤት ምን ያደርጋል እንዳትሉ፤ ጢም አለው፣ ከጢሙም በላይ ጨዋታ ይወዳል።

«አሜሪካን አሜሪካ ያደረጋት ምንድነው?» ብለው ጠየቁ አባ መድፍ፤ ሌላ ሰው እንዳይቀድማቸውም መልሱን ራሳቸው አስከተሉ። «መድፍ ነው! መርከቧ ምን ጭኖ ይዞራል? መድፍ። አውሮፕላኗስ? ክንፍ ያወጣ መድፍ!»

«ጨረቃ ላይ መውጣቷስ?» አለ ልብስ ሰፊው ነገር ለመጫር ያህል።

«ወሬ ነው! ሩሲያን ለማስደንገጥ የተነዛ ወሬ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ላይ ስተኩስ ኖሬ ሳይመለስ የቀረ ጥይት አላየሁም።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ በሩ ተከፈተና የልጅ ልጃቸው በዝናብ ርሳ ዘው ብላ ገባች። በኋላ እሷ ራሷ እንደነገረቻቸው፣ እዚያ መኖራቸውን ብታውቅ ኖሮ ዝናቡን ትመርጥ ነበር።

«ይኸውላችሁ! አራተኛዋ መድፈኛችን መጣች!» አሉ አባ መድፍ ልባቸው ቅቤ ጠጥቶ።

ልጅቷ ፀጉሯን በፎጣ እያደረቀች ቆየች። ከዚያ በላይ ግን መደበቅ አልቻለችም።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሰው ፊት መሆኑ ከፋ እንጂ መንገሬ አይቀርም ነበር። መድፈኛ ትምህርት ቤት አልገባም። አንድ የጠፈር ሳይንስ ተቋምም ተቀብሎኛል፤ መማር የምፈልገው እዚያ ነው። ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስ ነገ ጧት ይነሳል። እርስዎ ሳይመርቁኝ ግን አልሳፈርም።»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንዳነሳ ቀረ። አባ መድፍ ክው አሉ። ተነስተው መሄድ ፈልገው ነበር፤ ነገር ግን በግማሽ አረፋ መንገድ ላይ የሚወጣ የተከበረ ጡረተኛ የለም። ሰው ቁጣ ነው የያዛቸው ብሎ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የያዛቸው ፍርሃት ነው። ይህች ልጅ መድፉን ከተወች ከሞተው ልጃቸው ምን ይቀርላቸዋል?

«ጠፈር?» አሉ፤ ድምፃቸው እንደዚያ ዝቅ ሲል የሰማ የለም። «ጠፈር ላይ ምን አለን? ዘመድ አለን? ርስት አለን? አባትሽ የቆመበትን ቦታ ለማን ትተሽ ነው?»

«አባባ፣ የጦር ታሪክ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ያ የተዋጋችሁበት ኮረብታ እንዴት ከእጃችሁ ወጣ?»

ልብስ ሰፊው ሳቁን ዋጠ። የኮረብታውን ታሪክ ሰፈሩ በቃሉ ያውቀዋል። አባ መድፍም ሲጠየቁ እንቢ ማለት የማይችሉት ነገር ይኸው ታሪክ ነው፤ ሐዘናቸውን እንኳ ረስተው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ከገዛ መጋዘናችን የሌላ መድፍ ጥይት ላኩብን! ቀኑን ሙሉ ያንን ሁሉ ሣጥን በትከሻችን ተሸክመን ዳገቱን ወጣን። ከፍተን ብናየው ጥይቱ ከመድፋችን አፍ ይሰፋል! ድንጋይ መሸከም ይሻለን ነበር። ጀግና አልጠፋም እኮ፤ ጠላትም ከእኛ አልበረታም።»

«ታዲያ ለምን የሌላ መድፍ ጥይት መጣ?»

«መጋዘን የተቀመጠው ሰውዬ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አይችልማ!» ብለው ጮኹ። ወዲያውም ከአፋቸው ምን እንዳመለጠ ገባቸው።

ልጅቷ ግን አልሳቀችባቸውም። በሽማግሌ ስህተት የሚስቅ ወጣት ሙግቱን ያሸንፍ ይሆናል፤ ሰውየውን ግን ያጣል። ወንበር ሳበችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አሜሪካም እንዲሁ ናት አባባ። ትልልቅ መድፍ ኖሯቸው የወደቁ መንግሥታት ብዙ ናቸው። አሜሪካ ራሷ በዚያ ሁሉ መሣሪያ ገብታ ሳይሳካላት የወጣችባቸውን አገሮች እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ጉልበቷ ከመድፉ ኋላ ነው ያለው። ጥይቱን በልኩ የሚሠራ ፋብሪካ አላት፣ በጊዜው የሚያደርስ መርከብ አላት፣ ሣጥኑን የሚያነብ መጋዘን ጠባቂ አላት። ሩሲያ ቀድማ ሳተላይት ስታመጥቅ አሜሪካኖች በጣም ደነገጡ። ከድንጋጤው በኋላ ግን ‹ልጆቻችን ትምህርት ቤት ምን እየተማሩ ነው?› ብለው ጠየቁ፤ ለሳይንስና ለሒሳብ ትምህርት ብዙ ገንዘብ መደቡ። ጨረቃ ላይ ከወጡበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።»

«ቆይ፣ ቆይ!» አሉ አባ መድፍ፣ የጠላት ሰልፍ ውስጥ ክፍተት እንዳየ ሰው ዓይናቸው በርቶ። «ሮኬቱንስ ማን ወለደው? ጦርነት አይደለም? መጀመሪያ ከተማ ማፍረሻ አልነበረም?»

«ነበር። እውነትዎን ነው» አለች ልጅቷ ሳታቅማማ። «ዛሬም ሳተላይት የወታደር ዓይን ሆኖ ያገለግላል። ይህን አልክድም።»

አባ መድፍ አንድ ነጥብ በማግኘታቸው በጣም ደስ አላቸው። ወደ ኋላ ተደግፈው ለፀጉር አስተካካዩ በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ እሱም ዕድሉ ሳያመልጠው የቀረውን ጉንጫቸውን ላጭቶ በፎጣ ጠረገላቸው።

«ታዲያ አሜሪካን እንውደዳት ነው የምትይን?» አለ ልብስ ሰፊው።

«የለም ጋሼ። መውደዱም መጥላቱም እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው። የሚጠቅመንን ከእነሱም ሆነ ከሌላው መማር ግን ተነስቶ መሄድ ይጠይቃል።»

«ወንበሩን አትንኪብኝ እንጂ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ሁሉም ተነስቶ ከሄደ እኔ ማንን ልላጭ ነው?»

«እሺ፣ ይህ ሁሉ ይሁን» አሉ አባ መድፍ። «አንድ ነገር ግን አልዋጥ አለኝ። ወደ ላይ የተተኮሰ ነገር ይወድቃል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ሲወድቅ ያየሁት ነው። ሳተላይቱን ምን ይዞት ነው የማይወድቀው?»

«ምንም አልያዘውም አባባ። ይወድቃል።»

«ይወድቃል?»

«ሁልጊዜ እየወደቀ ነው። ጋሼ፣ እባክዎ ራስዎን ያውሱኝ።»

ልብስ ሰፊው ምን ሊደረግ እንደሆነ ባያውቅም ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ልጅቷ ከብሩሹ ላይ በጣቷ አረፋ ወስዳ ግንባሩ ላይ ለጠፈችለት።

«ይህች መሬት ናት። ይህ አረፋ ደግሞ እጅግ ረጅም ተራራ ነው፤ ጫፉ ላይ አየር የሚባል ነገር የለም። መድፋችን እዚያ ጫፍ ላይ ተጠምዷል። ይዘዙ አባባ!»

«ተኩስ!» መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ።

ጣቷ ከአረፋው ተነስቶ ከልብስ ሰፊው ቅንድብ በላይ ወረደ። «ቅርብ ወደቀ። ባሩድ ይጨመር?»

«ጨምሪ! ተኩስ!» አሁን ጆሮው አጠገብ ወደቀ። «ጨምሪ! ተኩስ!» ማጅራቱ ላይ ወደቀ።

«አሁን ማንም መድፍ የማይችለውን ያህል ፍጥነት እንስጣት» አለች ልጅቷ ጣቷን እያዞረች። «ጥይቷ መውደቋን አልተወችም። ነገር ግን ወደ ታች ባዘነበለች መጠን መሬቱም ከሥሯ እየጎበጠ ይሸሻታል። ትወድቃለች፣ ትስተዋለች። ደግሞ ትወድቃለች፣ ደግሞ ትስተዋለች።»

አባ መድፍ ጣቷን በዓይናቸው መከተል አልበቃቸው ብሎ ከወንበሩ ተነሱና ልብስ ሰፊውን ዞሩት። ጣቷ በወዲያኛው ጆሮ በኩል ብቅ ብሎ ወደ አረፋው ሲቃረብ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ወረወሩ።

«ኧረ ተኳሹ ጎንበስ ይበል! የገዛ ጥይቱ ከኋላው መጣችበት!»

ፀጉር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልብስ ሰፊው አረፋው ዓይኑ ውስጥ እስኪገባ ሳቀ። አባ መድፍ ግን ከሁሉም ይበልጥ ሳቁ፤ ለምን እንደሳቁም ያውቃሉ። ዕድሜ ልካቸውን እንዳይስቱ ሲያሰሉ ኖረው፣ መሬትን በትክክል መሳትም ስሌት የሚጠይቅ ሙያ መሆኑ በዚያች ቅጽበት ገባቸው። እንዲህ ያለ ደስታ ከወጣትነታቸው ወዲህ አግኝተው አያውቁም።

«በይ ንገሪኝ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ይህች የሳተች ጥይት ለእኛ ምን ትሠራልናለች?»

«ከላይ ሆና ታያለች አባባ። ደመናው ሳይደርስ ታየዋለችና ገበሬው መቼ እንደሚዘራ ያውቃል። ወንዙ ከላይ ሲሞላ ታያለችና ከታች ያሉት ልጆቻቸውን ይዘው በጊዜ ይወጣሉ። ጫካ ሲቃጠል፣ መርከብ ሲጠፋ፣ ውኃ ሲነጥፍ ትነግረናለች። ነገር ግን የምትልከውን የሚያነብ የራሳችን ሰው ያስፈልጋል። አለዚያ የገዛ ጣሪያችንን ለማየት ሰው ማስፈቀዳችን ነው። ያ መጋዘን ውስጥ የነበረው ሰውዬ እኛው ሆንን ማለት ነው።»

አባ መድፍ ወደ ልጅቷ ዞሩ። ውጪ ዝናቡ አባርቶ የመኪና ድምፅ ይሰማል። ልጅቷ አባቷ ይቀመጥ እንደነበረው አንድ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች። መድፉን ብትተወውም የልጃቸው ልጅ መሆኗን እንዳልተወች አዩ። ፍርሃቱ ለቀቃቸው።

«ተነሺ» አሏት።

ተነሳች። እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። ድምፃቸው እንደገና ሞልቶ መንገድ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ አስቆመ።

«አባቴ ከኮረብታ ኮረብታ ተኮሱ። እኔ ከዚያ አርቄ ተኮስኩ፤ አባትሽም ከእኔ አርቆ ተኮሰ። ጎበዞች ነበርን፣ ዒላማ አንስትም ነበር። የእኛ ጥይት ግን ሁልጊዜ የሰው ልጅ ላይ ነው ያረፈው። የጠላቶቻችንም ጥይት የእኔው ልጅ ላይ አረፈ። ሂጂ የኔ ልጅ፣ ከሁላችንም አርቀሽ ተኩሺ። ከዚህ ቤት የወጣች አንዲት ጥይት እንኳ ማንም ላይ ሳትወድቅ ትኑር!»

«አሜን» አለ ፀጉር ቤቱ በሙሉ።