ምርቃና እንቅልፍ አይሆንም

ዓምና በመጋቢት፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ሳሊተ ምሕረት አጠገብ የተነፈሰ ጎማዬን ላስጠግን ጎሚስታ ቤት ቆሜ ሳለ ከጎረቤቴ ከጋሽ ሃይደር ጋር ተገናኘን። ሃያ ሦስት ዓመት አይሱዙ የነዱ፣ ለሰው ክፉ የማያስቡ የወሎ ሰው ናቸው። ጉንጫቸው በጫት ተወጥሯል። ሁለት ሌሊት ሳይተኙ ነድተው ጠዋት ከኮምቦልቻ ገብተዋል። አሁን ደግሞ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፈሂማንና ትንሿን ልጃቸውን ጋቢና አስቀምጠው፣ ለእሑዱ የዘመድ ሠርግ እዚያው ሊመለሱ ነው።

የእህታቸው ልጅ ሱሀይላ ልትሸኛቸው መጥታለች። በፋርማሲ ተመርቃ ሲኤምሲ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ዛሬ ተኝተው ነገ በማለዳ እንዲሄዱ ትለምናቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ መርቅነው የነዱትን አገር ሁሉ ይቆጥሩላታል። የመረቀነ ሾፌር ዘንድ እንቅልፍ ድርሽ አይልም ባይ ናቸው። እኔም ጣልቃ ልገባ ቃጥቶኝ ነበር፤ የጡረተኛ መምህርን ምክር ማን እንደሚሰማ ስለማውቅ ተውኩት።

«አጎቴ» አለች ሱሀይላ ረጋ ብላ፣ «ከነቃንበት ሰዓት ጀምሮ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎላችን ውስጥ ይጠራቀማል። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለን እሱ ሲበዛ ነው። የሚያጠራው ደግሞ መተኛት ብቻ ነው።»

«ታዲያ ጫቱ ምን ሊሠራ ነው?»

«እነ ዶፓሚንን፣ የሚያነቁትን ኬሚካሎች ያበዛል እንጂ የተጠራቀመውን አያጠራም። የሞተር ሙቀት መብራት ቢበራብዎ አምፖሉን ነቅለው ይነዳሉ?»

«ሞተሩ ይቃጠላል።»

«ምርቃናም አምፖል መንቀል ነው፤ ድካሙ እዚያው አለ። ዓይንዎ እንደፈጠጠ አንጎልዎ ለጥቂት ሰከንድ ሊተኛ ይችላል። እርስዎም አያውቁትም።»

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» አልኳቸው ላስቃቸው ብዬ። ጋሽ ሃይደር ግን አልሳቁም። ጫቱን ተፉ።

«ባለፈው ማክሰኞ» አሉ፣ «የጣርማበርን ዋሻ መግባቴን አውቃለሁ። መውጣቴን ግን ወላሂ አላስታውስም። ለማንም አልተናገርኩም።»

ወይዘሮ ፈሂማ ሰምተው ኖሮ የጋቢናውን በር ከፍተው፣ ልጃቸውን አቅፈው ወረዱ። ጋሽ ሃይደርም ሻንጣውን ራሳቸው አወረዱና የአይሱዙውን ቁልፍ ለሱሀይላ ሰጥተው እዚያው አቅራቢያ ወዳለው ቤታቸው ገቡ። እስከ ንጋት ተኙ፤ ሠርጉም ሳያልፋቸው በሰላም ደረሱ።

ዛሬ በሁለት ጉዞ መካከል ሳይተኙ አይነሱም። መንገድ ላይ ይነሳባቸው የነበረው ቁጣም በርዷል፤ ፍሬን የሚይዙትም በጊዜ ነው። በቀደም ባልደረባቸው ሙስአብ ምርቃናውን ሲያሞግስ ሰሙትና እጁን ያዝ አደረጉት።

«እኔን ያተረፈኝ ጫቱ አይደለም፣ አላህ ነው» አሉት። «አንተ ግን ተኛ።»