ከ«ኔቨርዘለስ» በኋላ

ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ የተቀመጡትን ሽማግሌና እጅጌው ጠመኔ የነካው ወጣት አስተማሪ ጆሮዬን ጥዬ ሰማኋቸው።

«መምህር፣ በእንግሊዝኛ ‹ኔቨርዘለስ› ምን ማለት ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«አባባ፣ በስተርጅና ትምህርት ጀመሩ እንዴ?»

«ሰባተኛ ክፍል የደረሰችውን አስወጥቼ እኔ ልማር? ልጄ ናት ያለችኝ።»

«ምን ሲሏት?»

«‹ባል መጥቶልሻል፣ ሰውዬው ደህና ነው፣ ትምህርቱ ይብቃሽ› ስላት። ይቺን ቃል ብቻ ብላ ዝም አለች። እሺ ማለቷ መስሎኝ መረቅኋት።»



«‹ያም ሆኖ› ማለት ነው። ‹ያልከውን ሰምቻለሁ፣ እኔም ግን የምለው አለኝ› ለማለት የሚነገር ነው።»

«ታዲያ ከሱ በኋላ ምን ይባላል?»

«እሱን የሚያውቀው ተናጋሪው ነው። ምነው ያኔውኑ በጠየቋት።»

«ልጅ መጠየቅ መች ለምጄ።»

«አሁንም ቢሆን ይጠይቋት እንጂ።»

«ከሠርጉ ወዲህ ስጠይቃት ነው የኖርኩት፤ አሁንም ከቤቷ መመለሴ ነው።»

«ምን አለችዎ?»

«‹ረስቼዋለሁ፣ አባ› አለችኝ።»

ጉብሬ ላይ ወራጅ ነበርኩ፤ አውቶቡሱ ሲያልፈው ግን እያየሁ፣ ቀጥሎ የሚሉትን ልስማ ብዬ ተቀመጥኩ።