ያለ ለቅሶ የወጣ ዶማ

ሰው ከቤቱ ሲወጣ ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። እኔ የዚያን ቅዳሜ ከአምበር ስመለስ የጠበቀኝ ክርክር ነበር። ግንቦት እያለቀ፣ ሰማዩም እየጠቆረ ስለ ነበር ዝናቡ ሳይቀድመኝ ልግባ ብዬ ከመናኸሪያ በአቋራጩ ወደ ሰፈሬ አቀናሁ። አቋራጩ መንገድ ሰፈራችንን ለሁለት በከፈለው ቦረቦር ላይ ያልፋል። በቦረቦሩ ላይ ሁለት ግንድ ተጋድሞበታል፤ እኛ ታዲያ ሳናፍር ድልድይ እንለዋለን። ጎርፉ ክረምት በመጣ ቁጥር ከወዲያም ከወዲህም እየናደ ያሰፋዋል፤ እኛም በየዓመቱ ረዘም ያለ ግንድ እንፈልጋለን። ደብረ ማርቆስን የሚያህል ከተማ ውስጥ ተቀምጠን ብልሃታችን ይኸው ነበር።

ከግንዱ አጠገብ ሁለት ሰዎች ቆመው ይነጋገራሉ። አንደኛው የእድራችን ዳኛ ጋሽ በላቸው ናቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ እንደ ማዕተብ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል። ሁለተኛዋ ወንጌላዊት ናት። እዚሁ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የአፈርና የውሃ ጥበቃ ትምህርት የተማረች፣ አሁን ደብረ ኤልያስ የምትሠራ ልጅ ስትሆን፣ አዲሱ የነዋሪዎች ማኅበራችን የመረጣትም ሰብሳቢ ናት። እኔ ዕድሜዬን በማስተማር የጨረስሁ ጡረተኛ ነኝና ክርክር አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም።

«መምህር አምሳሉ፣ እንኳን እግዚአብሔር አመጣዎት!» አሉ ጋሽ በላቸው። «እስቲ ይችን ልጅ ይምከሩልኝ። እኔን አልሰማ አለች።»

«ጋሼ፣ እየሰማሁዎት ነው» አለች ወንጌላዊት በትሕትና ጎንበስ ብላ። «መምህር፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ቀበሌው ለመሻገሪያው ትልልቅ ቱቦና ጠጠር አቀርባለሁ ብሏል። ከላይ ጎርፉን የሚያስቀይሰውን ቦይ መቆፈርና ቱቦው የሚቀበርበትን ማዘጋጀት ግን የነዋሪው ድርሻ ነው። ክረምቱ ከገባ አንደርስበትም። ጋሽ በላቸውን የለመንኋቸው የእድሩን ዶማና አካፋ እንዲያወጡልን፣ ጡሩምባ አስነፍተውም ሰዉን እንዲጠሩልን ነው።»

«ማኅበር አላችሁ አይደለም እንዴ? በማኅበራችሁ ጥሩ!»

«ጠራን፤ የመጣው ሰው አንድ አግዳሚ ወንበር እንኳ አልሞላም። እርስዎ ሲያስጠሩ ግን ወገቡን የታመመው ሁሉ በከዘራ እየተደገፈ ይወጣል። ሰፈሩ የሚያምነው እድሩን ነው።»

ጋሽ በላቸው ይህን ምስጋና አልጠሉትም፤ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ሆኖም ቁልፉን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ልጄ፣ እድር ለሞት ነው። ዶማውም የመቃብር ዶማ ነው። ያለ ለቅሶ ከወጣ ባዶውን አይመለስም፤ ቤት ይመርጣል። ይህን እኔ አልፈጠርሁትም፤ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ እንዳትስቅ። ይህ ነገር በእድሩ ደንብ ላይ አልተጻፈም፤ ቄሶቹም አላስተማሩትም። ቢሆንም በሰፈራችን ያንን ዶማ ለአጥሩም ሆነ ለጓሮው የሚዋስ ሰው የለም። ፊዚክስ ሳስተምር የኖርሁት እኔም አጥሬ በወደቀ ጊዜ ዶማ ፍለጋ የሄድሁት ሌላ ሰፈር ድረስ ነው። ልማድ እንዲህ ነው፤ የተማረውንም ያልተማረውንም በአንድ ገመድ ያስራል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ወንጌላዊት፣ «ቤት ሲመርጥ ያየ ሰው አለ?»

ሽማግሌው ቁልፉን አጥብቀው ጨበጡት። ምክንያቱን ባላውቅም ልጅቱ የማይነካ ነገር እንደ ነካች ገባኝ።

«አለ» አሉ። «እኔ አየሁ። ያኔ ጎልማሳ ነበርሁ፤ ቁልፉም በእጄ ነበር። የጓሮዬን ጉድጓድ ላስቆፍር ብዬ፣ ማን ያየኛል ብዬ፣ ዶማውን አወጣሁት። ጉድጓዱ ውሃ ሳያወጣ ባለቤቴ ይመኙሻል ምጥ ያዛት። እሷንም ልጇንም በዚያው ዶማ ቀበርሁ። ከዚያ ወዲህ ይህ ቁልፍ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም። አሁን አንቺ ሰፈሩን ሁሉ እንደ እኔ ላድርገው ትያለሽ?»

ወንጌላዊት ፊቷ ተለወጠ። እኔም ለጋሽ በላቸው ከልቤ አዘንሁላቸው። እልኸኛ የሚመስሉኝ ሰውዬ ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ራሳቸውን ሲከሱ ኖረዋል።

በዚህ መካከል ከአጥሩ ወዲያ ሳል ተሰማ። እማማ የብርጓል በትራቸውን ይዘው ወጡ። ባላቸው ከሞተ የቆየ፣ ልጅ ያልወለዱ ብቸኛ ባልቴት ናቸው። ቤታቸው ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ነው፤ የአጥራቸው ግማሽ አምና ተንዶ ገብቷል፤ የቀረው ሥሩ ባዶ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ለካ ሁሉንም ሲሰሙ ቆይተዋል።

«አያ በላቸው» አሉ፣ «ሐዘንተኛን ‹ይህ ባይሆን ኖሮ› አይሉትም ብዬ እስከ ዛሬ አፌን ይዤ ኖርሁ። ዛሬ ግን እናገራለሁ፤ ትቀየመኝም እንደሆን ተቀየመኝ።»

«ምን ልትይ ነው የብርጓል?»

«ይመኙሻልን በባሬላ ስንሸከማት አንተ ከፊት ነበርህ። እኔ ከራስጌዋ ሆኜ በነጠላዬ ዝናቡን እከልላት ነበር። ሐኪም ቤት የሚወስዳት መኪና ከማዶ፣ እዚያ ባሕር ዛፉ ሥር መብራቱን አብርቶ ቆሟል። እኛ ከቦረቦሩ ገብተን መውጫ አጣን። ጭቃው ወደ ታች ይጎትተናል፤ አንተ ትወድቃለህ፣ ትነሣለህ። እሷ ቀና ብላ አይታ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹የብርጓል፣ መኪናው ይታየኛል። ለምን አንደርስም?› አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም።»

ጋሽ በላቸው ወደ ባሕር ዛፉ ዞረው ቀሩ።

«ዶማው አይደለም የመረጣት» አሉ እማማ የብርጓል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የገደላት ይህ ቦረቦር ነው። ያኔ ጠባብ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሰፍቶ ወደ እኔ እየመጣ ነው። የዘንድሮን ክረምት ቤቴ ውስጥ ሆኜ አላሳልፈውም። ስሞት እድሩ ድንኳን ይተክልልኛል፤ አውቃለሁ፤ የት ላይ? ግቢዬን ጎርፍ ከወሰደው በኋላ? ስሞት ሰፈሩ ሁሉ ይመጣልኛል። እስቲ ግማሹን በቁሜ ላኩልኝ!»

ይህን ስሰማ ዐይኔ እንባ ሞላ፤ ምን ያሳፍረኛል! ስንትና ስንት ጊዜ በዚያች ሴት አጥር ሥር አልፌ ‹አይ እማማ፣ እግዚአብሔር ያውቃል› ብያለሁ። እኛ ለሞተ ሰው ፈጥነን እንደርሳለን፤ ሊሞት የቀረበውን ግን ሰላምታ ሰጥተን እናልፈዋለን።

ጋሽ በላቸው ግን ገና አልተረቱም። «ቢሆንስ» አሉ፣ «በዚህ ክረምት አንድ ሰው ቢሞት? በላቸው ዶማውን አውጥቶ ነው አይሉኝም?»

«ይሉ ይሆናል» አለች ወንጌላዊት። «ግን ጋሼ፣ ዶማው ተቆልፎበትስ ሰው ሳይሞት ያለፈ ክረምት አለ? መቆለፉ ሞትን ካላስቀረ፣ መውጣቱ እንዴት ያመጣዋል? እድር የቆመው ሰው ብቻውን የማይችለውን ነገር አብሮ ለመቻል ነው። መቃብር ብቻውን የሚቆፍር የለም። ይህን ቦይም እማማ የብርጓል ብቻቸውን አይቆፍሩትም። እንዲያም ሆኖ ከፈሩ፣ የመጀመሪያው ዶማ እኛ ቤት ይደር። የሚመርጥ ከሆነ የኛን ቤት ይምረጥ።»

«አፍሽን ያዢ!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው። «የእናትሽ አንድያ ልጅ ነሽ እኮ!» ከዚያ ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ። «እኔ ቤት ይደር። ከመረጠም ሽማግሌ ይምረጥ። ነገ ሰንበት ነው፤ ሰኞ በጠዋት አስጠራለሁ።»

ሰኞ ማለዳ ጡሩምባው ተነፋ። ሰዉ እንደ ልማዱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሴቶቹም ጥቁራቸውን ለብሰው፣ «ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተ?» እያሉ ከየቤቱ ወጡ። ጋሽ በላቸው ቤታቸው ያሳደሩትን ዶማ ትከሻቸው ላይ አድርገው ከቦረቦሩ አፋፍ ቆመው ጠበቁን።

«ማንም አልሞተም» አሉ። «ዛሬ የጠራኋችሁ እንዳይሞት ነው።»

አንዳንዱ አጉረመረመ፤ አንዲት ሴትዮም አማትባ ወደ ኋላ ሸሸች። ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ ጋቢያቸውን ጣሉና የመጀመሪያውን ዶማ ራሳቸው አሳረፉ። ዳኛው ሲቆፍሩ ቆሞ ማየት ነውር ነውና ወንዱ ሁሉ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሰረ፤ ሴቶቹ ድንጋይ ማጋዝ ያዙ። ወንጌላዊት ገመድ ወጥራ የቦዩን መስመር ታሳያለች። ለቀብር በሚወጡበት ተራ እየተቀያየሩ፣ ለሐዘንተኛ በሚያዋጡት ዓይነት ቆሎና ጠላ አዋጥተው፣ ሳምንቱ ሳያልቅ ቦዩ ተቆፈረ። ቀበሌውም ቃሉን ጠብቆ ቱቦውንና ጠጠሩን አመጣ። የሰኔው ጎርፍ ሲመጣ በአዲሱ ቦይ ተጠማዞ ወደ ወንዙ ወረደ፤ የእማማ የብርጓል አጥርም ባለበት ቆመ።

ከዚህ ሥራ ያገኘነውን ጥቅም መናገር ይገባኛል። ሕፃናቱ ትምህርት ቤት ለመሄድ ግንድ ላይ አይንጠላጠሉም። እህል የጫነ ጋሪ እስከ ደጃችን ይደርሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን እድሩና የነዋሪዎች ማኅበሩ አንድ ላይ ተቀምጠው በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ዕቃ ቤቱ ለሕያዋን ሥራ እንዲከፈት መወሰናቸው ነው። አሁን ስለ ምንጫችን ንጽሕና እየመከሩ ነው። ልማድን መናቅ አይገባም፤ ለምን እንደ ቆመ መጠየቅ ግን ይገባል።

ነሐሴ ላይ ዝናብ እንደ ጉድ ሲወርድ በዋለበት ቀን፣ ከጋሽ በላቸው ደጅ ተጠልዬ ሳለሁ አንድ አምቡላንስ መብራቱን አብርቶ ከማዶ መጣ። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሡ። መኪናው ባሕር ዛፉ ሥር ሲደርስ አልቆመም፤ ቱቦው በተቀበረበት መንገድ ላይ ተሻግሮ፣ በበራችን አልፎ፣ ምጥ የያዛትን ጎረቤታችንን ዓይናዲስን ይዟት ተመለሰ። እስኪሰወር ድረስ ጋሽ በላቸው ዝናቡ ውስጥ ቆመው አዩት። ኑ፣ ግቡ ብላቸው አልሰሙኝም።

በማግስቱ ዓይናዲስ ሴት ልጅ ይዛ ገባች፤ ሰፈሩም እልል አለ። ጋሽ በላቸው ሕፃኗን ሊያዩ ሄደው ደፍ ላይ ቆሙ። ከዚያ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና፣

«ዶማው ቤት መረጠ» አሉ።