ምድጃው ውስጥ ነጭ የነበረው ዱቄት

ዶክተር፣ እርስዎ እዚህ ቤተ ሙከራ የመጡ ዕለት የምድጃውን ክፍል በር የዘጋሁብዎ እኔ ነኝ። «ልጄ፣ ተማሪ እዚህ አይገባም» አልኩ። «እሺ ጋሼ» ብለው ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰዓት ቆሙ። አዲሷ አለቃችን መሆንዎን የነገረኝ ዘበኛው ነው። ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ዛሬም አልጠይቅም። ደንብ ደንብ ነው። እኔን ሽማግሌውን በኮንትራት አስቀርተው እርስዎ ቀድመው ጡረታ መውጣትዎ ግን ደንብ አይደለም።

ለእንግዶች ላስረዳ። እዚህ ምድጃችን ውስጥ ነጭ ዱቄት እኔ ዝገት የምለውን፣ እሳቸው ኦክሳይድ የሚሉትን ነገር በስሱ ይለብሳል። የፋብሪካ ጭስ ሲያልፍበት መርዙ ይቀንሳል። ጭንቁ ዝገቱ ዱቄቱ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ማወቅ ነው። ዶክተር ስምንት ወር ሙሉ በብርሃን መሣሪያቸው ሲመረምሩት ከረሙ፤ ሁልጊዜ የሚያዩት ብርቱካንማ ዱቄት ነው።

እኔ ደግሞ ምድጃው ሳይበርድ እንዳልከፍት ተከልክዬ እከፍት ነበር። ስከፍተው ዱቄቱ ነጭ ነው። አየር ሲያገኘው ነው ብርቱካንማ የሚሆነው። ብናገር ከሥራ እባረራለሁ፤ ዝም ብል የሰው ልፋት ገደል ይገባል። ሁለት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ ቤት አወጋሁት። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አፍ የለህም? ሂድ ተናገር» አለችኝ።

ተናገርኩ። ወጣቶቹ ተመራማሪዎች ሳቁ። እርስዎ አልሳቁም። «ጋሼ፣ እስቲ ይክፈቱልኝ፣ እኔም ልይ።» ጎን ለጎን አጎንብሰን አየን። ለካ የአየሩ እርጥበት ነው የዝገቱን አቀማመጥ የሚለውጠው። የስምንት ወሩን መዝገብ ከደኑና «በሉ እንደገና፤ አሁን በትኩሱ፣ አየር ሳይነካው» አሉ። «ማን ፈቀደልዎ?» አላሉኝም።

ከዚያ ወዲህ «እንደምን አደራችሁ» ቀርቶ «ደርቋል ወይ?» ሆነ ሰላምታቸው። ካፌ ውስጥ የስኳሩን ዕቃ ከፍተው አስተናጋጁን «ደርቋል ወይ?» ብለውታል። አይካዱ ዶክተር፣ ነበርኩ።

ጥናቱ ሲታተም አመጡልኝ። ከቁጥሩም ከመስመሩም አንድም አልገባኝም። መጨረሻው ላይ፣ ምስጋናው ጋ፣ ጣትዎን አሳርፈው ስሜን አሳዩኝ። ፊደል ብዙ አልዘለቅኩም፤ ስሜን ግን አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ገጹን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። እሷ ካለፈች ስድስት ዓመት፤ ወረቀቱ እዚያው ነው።

ማመስገን አልችልበትም። ይኸው አመሰገንኩ።

ብርጭቆ አንሱ። ጤና ይስጥዎ፣ የልጅ ልጅ ያሳይዎ፣ የውጭው አየር አይለውጥዎ። ስንናፍቅዎ ይምጡ። የምድጃው ክፍል በር ላይ አሁንም እኔ ነኝ፤ ተማሪ አይገባም። እርስዎ ሳያንኳኩ ይግቡ።