ከወንዙ ማዶ የተሰማ ዋሽንት

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በምንሄድበት ታክሲ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ስልካቸውን አጠገባቸው ላለ ወጣት ሰጡት።

«ነፍሱን ይማረውና፣ ባለቤቴ ከእርሻ ሲመለስ ዋሽንት ይነፋ ነበር፤ ከደጅ ሆኜ ቀዳሁት። ድምፁ እንዲጎላ ከተማ ወስጄ ባሠራው ግን እሱን አልመስል አለኝ።»

ወጣቱ አዳመጠው። «እማማ፣ ሠሪዎቹ ዝቅ ያለውንም ከፍ ያለውንም ድምፅ እኩል አድርገውታል። የፊተኛው አለዎት?»

«አለ፤ ሲጀምር ግን እምብዛም አይሰማም።»

ሹፌሩ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ የከፈተውን ዘፈን አጠፋ። ወጣቱ የፊተኛውን ከፈተ።

«ምንም ድምፅ የለውም፣ እማማ።»

«ቆይ ልጄ፤ ገና ከወንዙ ማዶ ነው።»

ዋሽንቱ ቀጥኖ ተሰማ፤ ከዚያ እየጎላ መጣ።

«አሁን ዳገቱን ወጣ» አሉ እናት። «ይኸው፣ ደጅ ደረሰ።»

ድምፁ መኪናውን ሲሞላው፣ ሰው የገባ ያህል ሳይታወቀኝ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅሁ።