ሰልፍ ላይ የማይነሳ ሞተር

በጎረቤት አገር ዋና ከተማ፣ ከሶባ ሰፈር ወደ ባሕሪ ሰፈር በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሐበሻውን ሹፌር ያፋጥጡታል።

“ዘይት ቀየርክ?”

“ገና ነው ጋሼ፣ ኪሎሜትሩ አልደረሰም።”

“ቤንዚን ሰልፍ ላይ ሞተር አስነስተህ ስትውልስ? መኪናው ቆሞም ዘይቱ ይቃጠላል እኮ።”

“አጠፋዋለሁ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እንገፋለን።”

“ይህን የሚያህል መኪና?”

“ወላሂ! ከኋላዬ ያለው ሹፌር የእኔን ይገፋል፣ እኔ ከፊቴ ያለውን። ከዚህ አገር አብዮት ወዲህ የቤንዚን ሰልፋችን እንዲህ ነው።”

“እንግዲያ ዘይት የሚያስፈልገው ጉልበትህ ነው!”

“ጉልበትስ አድሮ ይመለሳል ጋሼ። ሞተሩ ከተበላሸ ግን ልጆቼ ምን ይበላሉ? እስከ ዛሬ ተከፍቶ አያውቅም።”

“እንዲህ ከሆነ ኪሎሜትርህን እመን፣ ጎበዝ!”

ድልድዩ ጋ መንገዱ ተዘግቶ ሹፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ፣ እኔም ከኋላ ወንበር ላይ የሸሚዜን እጅጌ ጠቀለልኩ።