«እንብላ» ያልኩት ሰው

ሸሕዲ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ምሳ እየበላን ስለ ሰው ልጅ እንከራከር ነበር። እሱ ሰው ከአውሬ የሚለየው በልብሱ ብቻ ነው ይላል። እኔ ደግሞ፣ «ውሻ ሲበላ ሌላ ከቀረበው ያጉረመርማል፤ ሰው ግን ለማያውቀው እንኳ ‹እንብላ› ይላል» አልኩት። ይህንኑ ላሳየው ብዬ አጠገባችን ወደተቀመጠው ሰው ዞርኩ። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ፣ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ቀጣሪ የሚጠብቅ ሰው ነው። ፊቱ ያለው የውሃ ጆግ ብቻ ነበር።

«እንብላ!» አልኩት።

«ብሉ» እንዲለኝ ነበር የጠበቅሁት። እሱ ግን «እሺ፣ ጋሼ» ብሎ እጁን ታጥቦ መጣ። ይኼኔ እጄ ትሪውን ወደ እኔ ሳብ አደረገችው። አስቤበት አይደለም፤ ብቻ ሳበችው። ሰውየው አየ። ከዳር ደረቁን እንጀራ አንዴ ጎርሶ ተነሳ።

«ምነው? ብላ እንጂ!» አልኩ፤ ድምፄ ከልክ በላይ ጮኸ።

«ይስጥልኝ ጋሼ፣ አሁን ነው የበላሁት። እንቢ ማለት ነውር ነው ብየ ነው» አለና ወደ ቦታው ተመልሶ ውሃውን ደጋግሞ እየቀዳ ጠጣ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ስንወጣ ጓደኛዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «አይዞህ» አለኝ፤ «ቢያንስ አላጉረመረምክም።»